ሆስፒታል መጨመር ጤና ጣቢያን አይተካም፦ ስለ አዲስ አበባ የጤና አገልግሎት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአዲስ አበባ የጤና አገልግሎት ላይ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሥራ ባልደረቦቼ መካከል ሲያከራክር ሰንብቷል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የጤና ኤክስቴንሽን ለገጠር የተቀየሰ ዘዴ ስለሆነ ለከተማ አይበጅም፤ ነዋሪው ጤና ጣቢያውን እየዘለለ ወደ ሆስፒታል መሄዱ ጤና ጣቢያ እንደማይፈልግ ያረጋግጣል፤ ከተማዋ በጤና አመላካቾች ከክልሎች ሁሉ የላቀች ስለሆነች በአዲስ አበባ ስለ ጤና ፍትሐዊነት ማውራት ቅንጦት ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የታመመውን ብቻ እየሰበሰበ የሚከስር ተቋም ነው። ከዚህ ተነሥተውም ለጤና ጣቢያዎችና ለቤት ለቤት አገልግሎት የሚወጣው ገንዘብ ተሰብስቦ በየክፍለ ከተማው ትልቅ ሆስፒታል እንዲሠራበት፣ የቀረውን ክፍተት ደግሞ የግል ክሊኒኮችና የስልክ ሕክምና እንዲሸፍኑት ሐሳብ አቅርበዋል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ከመሆኑም በላይ ብዙዎቻችን የያዝነውን ብሶት ይናገራል። ብሶቱን እጋራለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ለዓመታት በከተማዋ ጤና ጣቢያዎች በጤና መኮንንነት ያገለገልሁ እንደመሆኔ፣ ነጥቦቹን ጸሐፊው ባስቀመጧቸው ቅደም ተከተል እያነሣሁ መልስ እሰጣለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን የገጠር ነው የሚለው ክርክር የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይዟል። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በእርግጥም የታሰበው ለገጠሩ ሕዝብ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ከተማ ሲመጣ ግን እንዳለ አልተገለበጠም። በከተማ የተመደቡት ነርሶች ናቸው፤ በክሊኒካል ነርስነት ከተመረቁ በኋላ የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና እንዲወስዱና አንዷ ባለሙያ 500 ያህል አባወራዎችን እንድትከታተል ነው የተወሰነው። ቆይቶም ከኩባ ልምድ የተቀዳው የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባለው አሠራር ተጨመረ። የጤና መኮንን ወይም ሐኪም፣ ነርሶችና የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ሆነው በጤና ጣቢያው ክልል ያሉትን ቤተሰቦች በገቢያቸውና በጤና ችግራቸው ይለያሉ፤ ችግረኛም ሕመምተኛም የሆነውን ቤተሰብ አስቀድመው ይጎበኛሉ። አቅምና ፍላጎት እኩል ያልሆኑበትን ነዋሪ እኩል አለማየት፣ ይልቁንም ወደሚበልጥ ችግር አስቀድሞ መሄድ የተቀየሰው ለከተማ ተብሎ ነው፤ በገጠሩ መርሐ ግብር እንዲህ ያለ ምደባ አልነበረም።

ጸሐፊው የቤት ለቤት ጉብኝቱ ፎርም መሙያ ሆኗል ሲሉ ግን ሐቅ አላቸው። ባለሙያዋ የምትዞረው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ወይም ትምህርት ቤት ይሆናል። በኮንዶሚኒየሞችና በአጥር ግቢ መንደሮች ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛው ከዋናው በር አያሳልፋትም። በር ከተከፈተላትም የምትከፍተው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ባለሙያዋ «የቤቱ ሰዎች የሉም» ተብላ ስትመለስ፣ በሩን የከፈተችላት ልጅ ራሷ ከገጠር ከመጣች ወዲህ አንድም ቀን ጤና ጣቢያ ረግጣ የማታውቅ፣ ክትባቷንም ሆነ የወር አበባ ሕመሟን የጠየቃት ሰው የሌለ ትሆናለች። መዝገቡ ላይ ግን የሚጻፈው «ቤተሰቡ አልተገኘም» የሚል ነው። ይህ ጉድለት የሚታረመው የጉብኝቱን ሰዓት ወደ ማታና ወደ ቅዳሜ በማዞር፣ የሪፖርቱን ፎርም በማሳጠርና በሩን የከፈተውን ሰው ሁሉ እንደ ነዋሪ በመቁጠር ነው። ጉብኝቱ ሲቀር የዚያች ልጅ ነገር ከነአካቴው የሚያበቃ ይሆናል፤ ክፍለ ከተማዋ ውስጥ የሚገነባው ሆስፒታል እሷን ፍለጋ አይመጣምና።

በከተማ በር ማንኳኳት ኋላ ቀርነት ነው ለሚለው ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና ሚሊኒየም አዳራሽ ለሕሙማን ሲዘጋጁ፣ በየመንደሩ እየዞሩ ትኩሳት የለኩትና ምልክት የታየበትን የለዩት እነዚሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነበሩ። በሌላው ዓለምም ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የቤተሰብ ጤና ቡድኖቿን ያሠማራችው በገጠር ብቻ ሳይሆን እንደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ባሉ ግዙፍ ከተሞች የድሃ ሰፈሮች ጭምር ነው።

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ግን ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እቆያለሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት ሕዝቡ በእግሩ መርጧል፤ ጉንፋን የያዘው ሳይቀር ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ በር ላይ ይሰለፋል። መሰለፉን እኔም አያለሁ። ጥያቄው ለምን የሚለው ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ ለምን ብለው ሳይጠይቁ «ጤና ጣቢያ ስለማይፈልግ» የሚል መልስ ሰጥተዋል።

አንድ ሕመምተኛ ላሳያችሁ። ልብስ በማጠብ የምትተዳደር፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት እናት ራስ ምታት ብላ መጣች። ከካርድ ክፍል ወረፋዋን ጠብቃ ስትደርስ ግፊቷ 190 በ110 ነበር። ደጋግመን ለካን፤ ያው ነው። ስለ ጨው፣ ስለ ዕረፍት፣ መድኃኒቱ በየቀኑ ሳይቋረጥ መወሰድ እንዳለበት አስረድቼ አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት አዘዝሁላት። ጤና ጣቢያው መድኃኒት መስኮት ስትደርስ ባለሙያው ማዘዣውን አገላብጦ ካየ በኋላ «የለም፣ ከውጭ ግዢ» አላት። ከግል መድኃኒት ቤት ዋጋውን ጠየቀች፤ የወሩን አልችልም ብላ የአሥር ቀኑን ገዛች። ራስ ምታቱ ተዋትና አሥሩ ቀን ሲያልቅ አልተመለሰችም፤ ደግሞስ ወደየት ትመለስ፣ ግማሽ ቀን ሥራዋን ትታ ተሰልፋ «የለም» ለመባል? ቀጥሎ ስሟን የሰማሁት ልጇ የሪፈር ወረቀት ለማጻፍ ስትመጣ ነው። እናትየው ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሎ፣ አንደበቷ ተሳስሮ፣ ጎረቤቶች በኮንትራት ታክሲ ወደ ሆስፒታል ወስደዋታል። በጸሐፊው አቆጣጠር ይህች ሴት ጤና ጣቢያ ዘልላ ሆስፒታል ከሄዱት አንዷ ናት።

በዚያው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ መስኮት ጥቂት ክፍሎች አለፍ ብሎ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል አለ። እዚያ የሚመጡት ታካሚዎች ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመታት ቀጠሯቸውን ሳያዛቡ የሚመላለሱ ናቸው፤ ከነርሷ ጋር በስም ይጠራራሉ፤ አንዳንዶቹ ሰፈር ቀይረው እንኳን ወደዚያው መመለስን ይመርጣሉ። የቲቢ ሕክምናውና የሕፃናት ክትባቱም እንደዚሁ ነው። ሕንፃው ያው ነው፤ ባለሙያዎቹ ከአንድ ኮሌጅ የወጡ ናቸው፤ ወረፋውም ያው። ልዩነቱ መድኃኒቱ መኖሩና ያለክፍያ መሰጠቱ ነው። ሕዝቡ ጤና ጣቢያን በደፈናው ቢጠላ ኖሮ እነዚህ ክፍሎች ባዶ በሆኑ ነበር።

መድኃኒቱ በአንደኛው ክፍል ኖሮ በሌላው የሚጠፋበት ምክንያትም አለው። የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የወባና የክትባት አቅርቦት የሚመጣው በፕሮግራም ነው፤ በመንግሥትና በለጋሾች ገንዘብ ተገዝቶ በመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል ለጤና ተቋማት በነጻ ይከፋፈላል። የግፊትና የስኳር መድኃኒቶች ግን በአብዛኛው በተዘዋዋሪ ፈንድ የሚስተናገዱ ናቸው። ጤና ጣቢያው በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ ሸጦ ገንዘቡን ይመልሳል፤ በተመለሰው ደግሞ እንደገና ይገዛል። ዋጋ በናረ ቁጥር የተመለሰው ገንዘብ የበፊቱን ያህል አይገዛም። ታካሚው የመድህን አባል ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ በዱቤ ወጥቶ ክፍያው ኋላ ነው የሚመጣው፤ ሲዘገይ መደርደሪያው ይራቆታል። አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ በአገር ደረጃ ሳይታጣ፣ በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ግን ለወራት ሊጠፋ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የላብራቶሪ ሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካል ታሪክም ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም። የውጭ እርዳታ እየሳሳ በመጣበት በዚህ ዘመን እስካሁን በደኅና የቆዩት ክፍሎችም ወደ ግፊቱ መስኮት ዕጣ እንዳይወርዱ ሊታሰብበት ይገባል፤ ለማንኛውም ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

የግፊትና የስኳር መድኃኒት መጥፋት ለምን ከሁሉ የከበደ ነገር እንደሆነ የሚገልጽ ማስረጃ በራሳችን ከተማ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች የሚፈጸመውን ቀብር እየመዘገበና የሟች ቤተሰቦችን እየጠየቀ የሞትን መንስኤ ሲያጠና ቆይቷል። ጥናቱ ያሳየው ከአዋቂዎች ሞት ግማሽ ያህሉ ተላላፊ ካልሆኑ በሽታዎች፣ ማለትም ከልብና ከደም ሥር ሕመም፣ ከስኳር፣ ከካንሰርና ከመሳሰሉት የመጣ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናትም ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። እንግዲህ የከተማዋ ዋነኛ ገዳይ በየወሩ ለክቶ፣ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ቀጠሮ ያሳለፈውን ስልክ ደውሎ ወይም ቤቱ ሄዶ በሚያስታውስ ተቋም የሚገታ በሽታ ነው። ይህ የጤና ጣቢያና የቤተሰብ ጤና ቡድን ሥራ ነው። ሆስፒታል የሚደርሰው ስትሮኩ ከመጣ፣ ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እጥበት የሚያስፈልገው ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ፣ ከዚያም አደባባይ ወጥቶ ሲለምን የማያይ የከተማችን ነዋሪ የለም። ከእነዚያ ኩላሊቶች ስንቶቹ ባልታከመ ግፊትና ስኳር እንደደከሙ የሙያው ሰው ሁሉ ይገምታል።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ እንምጣ። ከተማዋ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት። ለእያንዳንዳቸው ትልቅ ሆስፒታል ቢሠራላቸውና ለዚህም የጤና ጣቢያዎቹ በጀት ቢነሣ፣ በአገሪቱ መስፈርት አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ይሸፍናል የተባለው 40,000 ሕዝብ ለግፊት ልኬት፣ ለእርግዝና ክትትል፣ ለሕፃን ክብደት ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል ማለት ነው። የሆስፒታሉ የተመላላሽ ታካሚ ክፍል በአጭር ጊዜ ዛሬ የምናማርረውን የጥቁር አንበሳ ወረፋ ይወልዳል። ስፔሻሊስቱ በጤና መኮንን ሊታይ የሚችል ሕመምተኛ ሲያይ ይውላል፤ በእርግጥ ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ደግሞ ቀጠሮው ለወራት ይገፋል። በዚህ ወረፋ ውስጥ እኩል የሚሰለፍ የለም። ገንዘብ ያለው ወደ ግል ይሄዳል፤ ሰው ያለው ስልክ ያስደውላል፤ የቀረው ደግሞ ቤቱ ይመለሳል። ልብስ የምታጥበዋ እናት ሁለት ታክሲ ይዛ፣ የቀን ሥራዋን ትታ ለግፊት ልኬት ሆስፒታል ትሄዳለች ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ጸሐፊው ለሐሳባቸው ታይላንድን በምሳሌነት ጠቅሰው በባንኮክ ሆስፒታሎች መደነቃቸውን ገልጸዋል። የታይላንድ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ተቃራኒውን ነው። ያች አገር እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1986 በከተማ ሆስፒታሎች አዲስ ግንባታ ላይ ይወጣ የነበረውን በጀት ገትታ ገንዘቡን ወደ ወረዳ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች አዞረች። እ.ኤ.አ. በ2002 በ30 ባት ክፍያ የሁሉንም ዜጋ የጤና ሽፋን ስትጀምርም፣ ሰው አስቀድሞ በተመዘገበበት የአካባቢው ተቋም ታይቶ፣ ካስፈለገ በሪፈር ወደ ላይ እንዲያልፍ አደረገች። ለውጭ አገር ታካሚ የሚያገለግሉት የሚያብረቀርቁ የግል ሆስፒታሎች የዚያ ሥርዓት ጌጥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መሠረቱ ግን እነሱ አይደሉም።

ሦስተኛው ነጥብ ቁጥር ላይ የቆመ በመሆኑ በቁጥር እመልሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 97 በመቶ ሲደርሱ የአገሪቱ አማካይ 26 በመቶ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች የሕፃናት ሞትም በአዲስ አበባ ከ1,000 ሕፃናት 39፣ በአገር ደረጃ 67 ነበር። ጸሐፊው እነዚህን ጠቅሰው «ከተማዋ ደርሳለች» ብለዋል። በመጀመሪያ እናቶቹን ያወለደው በአመዛኙ ማን እንደሆነ ልብ ይባል፤ ነጻ የወሊድ አገልግሎት የሚሰጡት፣ ጸሐፊው በጀታቸውን ሊያነሡባቸው የሚፈልጓቸው ጤና ጣቢያዎችም ከፊት መስመር ናቸው። ሁለተኛ፣ 39 ሕፃናት ከ1,000 መሞታቸው ከሌላው ያነሰ ቢሆንም ደረስን የሚያሰኝ ቁጥር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ጥናቱ በከተማዋ ውስጥ ያለውን ልዩነት እንዲያሳይ አልተዘጋጀም። የሀብት ደረጃው የሚለካው ቤቱ ባለው መብራት፣ ውኃ፣ ወለል፣ ቴሌቪዥንና በመሳሰለው ሲሆን መለኪያውም ለመላው አገሪቱ አንድ ነው። በዚህ ልኬት የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአገሪቱ ካሉት አምስት የሀብት ደረጃዎች ከፍተኛው ውስጥ ይወድቃል። የቦሌው ባለ ፎቅና በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ስምንት ሆኖ የሚኖረው ቤተሰብ በአንድ ሳጥን ተቀምጠዋል። በዚህ ላይ ጥናቱ ቤት ለቤት የሚደረግ እንደመሆኑ በጎዳና የሚያድሩት ጨርሶ አይቆጠሩም። ስለዚህ ልዩነቱ በአማካዩ ውስጥ አለመታየቱ አለመኖሩን አያሳይም።

ልዩነቱን ማየት የሚፈልግ ሰው በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አንድ ጠዋት ቢቆም ይበቃዋል። አገልግሎቱ በወረዳ ነዋሪነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የመድህን ምዝገባውም ሆነ የነጻ ሕክምና ወረቀቱ መታወቂያ ይጠይቃል። መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከመጡበት መሸኛ፣ ከዚያም አስመዝጋቢ አከራይ ያስፈልጋል፤ አከራዩ ግብር እንዳይመጣበት ተከራዩን አያስመዘግብም። በዚህ መንገድ የቀን ሠራተኛው፣ በደባልነት የምትኖረዋ፣ የቤት ሠራተኛዋና የጎዳና ተዳዳሪው ሁሉም ከተማዋ ውስጥ እየኖሩ ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ መዝገብ ኖሯቸው በመዛወር ምክንያት የተቋረጠባቸው ናቸው። ከመሃል ከተማ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ተነሥተው ወደ ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ካርዳቸው፣ የግፊት ቀጠሯቸው፣ የሚያውቋቸው ነርስ የቀሩት በቀድሞው ወረዳ ነው። አዲሱ ሰፈር መንገድና ሕንፃ ቀድመውት፣ የጤና አገልግሎቱ ከኋላ ሲደርስ ታይቷል፤ ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩም ይኸው ነበር። ነዋሪን ከማዛወር በፊት የመድኃኒት ክትትል ያለባቸውን ሰዎች ዝርዝር ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ምንም ግንባታ የማይጠይቅ፣ በጥቂት ቀናት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው። ይህን የጤና ፍትሐዊነት ካላልነው ምን እንደምንለው አላውቅም።

ስለ መድህኑ ጸሐፊው ያነሡት የኪሳራ ሥጋት መሠረት አለው። ምዝገባው በፈቃድ ሲሆን ጤነኛው ወደ ኋላ ይላል፤ ሕመም ያለበት ይመዘገባል፤ ፈንዱም ይጎድላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች ሙከራው ሲጀመር ጀምሮ የሚታወቅ ችግር ነው። የመፍትሔው አቅጣጫ ግን ጤነኛውን ማስገባት እንጂ ታማሚውን ማስወጣት ሊሆን አይችልም። በከተማ ይህ ይበልጥ የሚከብደው ደመወዝተኛው ክፍል ከዚህ ቋት ውጭ በመሆኑ ነው፤ ደመወዝተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢወጣም ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ኖሯል። ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ሲገለል ቋቱን የሚሞላው ገቢው ያልተረጋጋ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ለምን ከሰረ ብሎ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አንዳንዶች ምዝገባውን በእድር በኩል እናድርገው ይላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እድር የማይደርስበት ሰፈር የለም፤ ሰውም ያምነዋል። ሆኖም እድር ራሱ ወርሃዊ መዋጮ ያለው ማኅበር ነው፤ መክፈል ያቃተውና በቅርብ የመጣው ተከራይ አባል አይደለም። እድርን አንዱ በር ማድረግ ይገባል፤ ብቸኛው በር ከሆነ ግን የተገለለውን ደግሞ ያገልለዋል።

ጸሐፊው በምትኩ ያቀረቡት፣ ክፍያውን ከፍ አድርጎ ለድሃው የነጻ ሕክምና ወረቀት መስጠት የሚለው አሠራር ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም። ወረቀቱን ለማግኘት የታመመው ሰው ወይም አስታማሚው ወረዳ ሄዶ ድህነቱን ማስመስከር አለበት፤ ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ቀን መጠበቅ አለበት፤ መታወቂያ ከሌለው ደግሞ ነገሩ ከመጀመሩ ያበቃል። ሕመም ቀጠሮ አይሰጥም። የመድህኑ ብልጫ የመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ በደኅናው ቀን፣ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ደብተር ይዞ፣ መዋጮው በመንግሥት ተከፍሎለት መግባቱ ነው። በአገራችን ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከታካሚው ኪስ እንደሚወጣ የብሔራዊ ጤና ሒሳብ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ክፍያን ከፍ እናድርግ የሚለው ሐሳብ ይህን ድርሻ ይጨምረዋል።

ደብተሩ ዋጋ የሚኖረው ግን መድኃኒት ሲያስገኝ ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ብዙ ከተሞች የሌላቸው አንድ ሀብት አላት፤ ከነማ መድኃኒት ቤቶች የከተማው አስተዳደር ንብረት ናቸው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት የመድህን አባሉ በማዘዣው ከአቅራቢያው ከነማ ያለክፍያ የሚወስድበት አሠራር በሁሉም ወረዳ ያለመቆራረጥ ቢዘልቅ፣ የመድህኑ ክፍያ ለጤና ጣቢያዎች በተወሰነ ቀን ቢገባ፣ ለግፊትና ለስኳር ዋና ዋና መድኃኒቶችም እንደ ኤችአይቪው በከተማው በጀት የተለየ ግዢ ቢፈጸም፣ ጸሐፊው የሚያዩት ሰልፍ በከፊል ሲበተን ያዩ ነበር። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሜትፎርሚን በዓለም ገበያ ከርካሾቹ መድኃኒቶች መካከል ናቸው፤ የአንድ ሆስፒታል ግንባታ ገንዘብ ስንት ዓመት ሊያቀርባቸው እንደሚችል የከተማዋ ጤና ቢሮ ሊያሰላው የሚችል ነገር ነው።

የግል ክሊኒክና የስልክ ሕክምና ክፍተቱን ይሸፍናሉ ለሚለው ብዙ መናገር አያሻኝም። የግል ክሊኒክ ጥሩ ሥራ የሚሠራባቸው ሰፈሮች አሉ፤ የሚከፈተው ግን ከፋይ ባለበት ነው፤ ጎረቤት የሆነውን ሕፃን ክትባት አምልጦታል ብሎ የሚፈልግ የግል ክሊኒክ አላየሁም። ስልኩ ደግሞ ቀጠሮ ለማስታወስና ውጤት ለመንገር ይረዳል፤ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፤ ኔትወርክና ካርድ የሚሞላ ገንዘብም ይጠይቃል። በጤና ጣቢያው ላይ ቢታከል መልካም ነው፤ በጤና ጣቢያው ምትክ አይሆንም።

አዲስ ሆስፒታል አይሠራ አላልሁም። የድንገተኛ ሕክምና፣ የፅኑ ሕሙማን ክፍልና የካንሰር ሕክምና በከተማዋ ያለባቸው እጥረት የታወቀ ነው፤ ለእነዚህ የሚሠራ ሆስፒታል የሚቃወም የሙያ ሰው አይገኝም። የምቃወመው ገንዘቡ ከየት እንደሚነሣ የተባለውን ነው። ጸሐፊው የ11 ሆስፒታሎችን ዕቅድ ዘርዝረው የሚያቀርቡበት ጊዜ ቢመጣ፣ ከሕንፃውና ከአልጋው ዋጋ ጋር ሁለት ነገሮችን እንዲያካትቱ እጠይቃለሁ፦ ሐኪሞቹና ነርሶቹ ከየትኞቹ ጤና ጣቢያዎች እንደሚወሰዱ፣ እንዲሁም በእነዚያ ጤና ጣቢያዎች ዛሬ ለግፊት፣ ለስኳርና ለኤችአይቪ ክትትል የሚመላለሱት ሰዎች ከዚያ በኋላ በየወሩ የት፣ በስንት ሰዓትና በስንት ብር ትራንስፖርት መድኃኒታቸውን እንደሚያገኙ።